የኤሌክትሪክ ምጣድ መስመር አዘረጋግ፦ ኮንጎ ጫማ አድርጎ መጋገር ይብቃ

ጥምቀት ሲደርስ ጎንደር ውስጥ የኤሌክትሪክ ሰራተኛ ስልኩ አያርፍም። እንግዳ ይመጣል፣ ምጣዱ ከንጋት እስከ ማታ ይሰካል፣ ከዛ ወይ ሶኬቱ ይቀልጣል ወይ ብሬከሩ አልይዝ ይላል። አንዴ አዘዞ አካባቢ ተጠርቼ ማድቤት ልገባ ስል የቤቱ እመቤት በሩ ላይ አስቆሙኝና "ልጄ ቆይ፣ መጀመሪያ ኮንጎውን አድርግ፣ ይነዝራል" አሉኝ። እውነትም ምጣዱ አጠገብ አንድ ጥንድ ጥቁር ኮንጎ ተቀምጧል፣ ማንም ይጋግር ማን እሱን አጥልቆ ነው። ስንት ጊዜው ነው እትዬ ስላቸው "ኧረ ከገዛነው ጀምሮ ነው፣ ለምደነዋል" አሉ።

ለምደነዋል ስትባሉ ምን ትላላችሁ? እኔ ዝም ብዬ ሶኬቱን ፈታሁት። ፌዙ (መብራት ያለበት ሽቦ) የገባበት ቀዳዳ ጠቁሮ ፕላስቲኩ እንደ ሰም ወርዷል፣ ሽቦው ባለ 1.5 ነው (ውፍረቱ በካሬ ሚሊ ሜትር)፣ የመጣውም ከመኝታ ቤቱ አምፖል ላይ ተቀጥሎ ነው፣ የኤርዟ (ሚያፈተልከውን መብራት ወደ መሬት ሚወስደው ሽቦ) ብሎን ደሞ ከፋብሪካ እንደወጣች ታበራለች፣ ማንም ነክቷት አያውቅም። ኮንጎ ጫማ ያለበት ማድቤት ማለት ኤርዝ የሌለበት ማድቤት ማለት ነው፣ በቃ። ከዚ በታች ምፅፈው ያንን ቤት እንዴት እንዳስተካከልነውና ከወረቀት በኩል ደሞ ምን መያዝ እንዳለባችሁ ነው። ሽቦውን እራሳችሁ ጎትቱ እያልኩ አደለም፣ ሰራተኛው ሲሰራ አጠገቡ ቆማችሁ "ይሄስ?" ማለት እንድትችሉ ነው።

1. መጀመሪያ ወረቀት

አውቃለሁ ያሰለቻል፣ ግን ሰው ሚጎዳው እዚ ላይ ነው። እኛ ከተማ ብዙው ሰው ግቢ ተከራይቶ ነው ሚኖረው፣ አንድ ቆጣሪ ለአራት ለአምስት ቤት። ተከራይ ምጣድ ይገዛል፣ የሰፈር ልጅ ይጠራል፣ ልጁ ካገኘው መስመር ላይ በናስትሮ ጠቅልሎ ይቀጥልለታል። አንድ ቀን ኮርኒሱ ቢያያዝ አከራይ "እኔ አላስቀጠልኩም" ይላል፣ ተከራይ "ቤቱ አሮጌ ነው" ይላል፣ ልጁ ስልኩን ያጠፋል። ጎረቤት ደሞ ግድግዳው ከናንተ ጋር አንድ ነው፣ የሱም ቤት አብሮ ሄዷል።

የ1952ቱ ፍትሐብሔር ህግ ላይ ጥቂት ቁጥሮች እወቁ። አንቀፅ 2028 በጥፋቱ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ይካስ ይላል። አንቀፅ 2035 ህግ ወይ ደንብ የጣሰ ሰው በዛው አጥፊ ነው ይላል፣ ህጉን አላውቅም ነበር ማለትም አያድንም። አንቀፅ 2077 ደሞ የህንፃ ባለቤት ህንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ይደርሳል ተብሎ ያልታሰበም ቢሆን፣ ሀላፊ ነው ይላል፣ ስለዚ አከራይ የሆናችሁ "ተከራዩ ነው ያስገባው" ብቻውን ያስጥለናል ብላችሁ አትተኙ። የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 አመት ውስጥ ነው ሚቀርበው፣ እሱ 2143 ላይ አለ። ሰው ከተጎዳ ወይ ከሞተ ደሞ ነገሩ ከካሳ አልፎ ወንጀል ይሆናል፣ የ1996ቱ ወንጀል ህግ 559 በቸልተኝነት አካል መጉዳት፣ 543 በቸልተኝነት መግደል ነው፣ 543 ላይ ደሞ የሰው ህይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ቅጣቱ ይከብዳል። ይሄኛውን ያነበብኩ ቀን ድሮ የሰራኋቸውን ቤቶች እየቆጠርኩ ነው ያደርኩት።

ሰራተኛ ስትጠሩ የብቃት ማረጋገጫ ወረቀቱን ጠይቁ፣ አትፈሩ፣ ነውር አደለም። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኤሌክትሪክ ስራ ሚሰራው ሰው ማረጋገጫ ያለው እንዲሆን ይፈልጋል። ለስራው ደሞ የህንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ኮድ ሚባል ደረጃ አለ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1995 የወጣው ኢቢሲኤስ 10 ይባል ነበር። "በኮዱ መሰረት ስራልኝ" ብሎ ማለት ብቻውን ሰራተኛውን ቀጥ ያደርገዋል፣ ሞክሩት።

ተከራይ ከሆናችሁ ከመሰራቱ በፊት አንድ ገፅ ተፃፃፉ። ምንም ጠበቃ አይፈልግም፣ እንዲህ ብቻ ይበል፦ "እኔ የቤቱ ባለቤት ተከራዬ በማድቤቱ ውስጥ ባለ 4 ሽቦ፣ ባለ 20 አምፔር ብሬከርና ኤርዝ ያለው የምጣድ መስመር በራሱ ወጪ፣ የብቃት ማረጋገጫ ባለው ሰራተኛ እንዲያስገባ ፈቅጃለሁ። ቤቱን ሲለቅ መስመሩ እንዳለ ይቀራል።" ቀን፣ ፊርማ፣ ሁለት ምስክር። የመጨረሻዋን አረፍተነገር እንዳትረሱ፣ ቤት ሲለቅ ሽቦውን ነቅሎ ጫፉን ክፍት ትቶ የሄደ ተከራይ አይቻለሁ።

ከቆጣሪው ወዲያ ያለው የመብራት ኃይል ነው (ስሙ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ከሆነ ቆየ ግን ማን ይጠራዋል)፣ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የናንተ ነው። የቆጣሪውን ማሸጊያ ሰራተኛችሁ "ትንሽ ልክፈተው" ካላችሁ አይሆንም በሉት። እንጀራ ለመሸጥ ሁለት ሶስት ምጣድ ምታስገቡ ከሆነ ደሞ ይሄን ፅሁፍ ተዉትና መጀመሪያ ቢሯቸው ሄዳችሁ ሶስት ፌዝ ጠይቁ።

2. ሂሳብ

ምጣድ ብዙ ጊዜ 3500 ዋት አካባቢ ነው። ለ220 ቮልት ስታካፍሉት 16 አምፔር ይመጣል። የግድግዳ ሶኬት ጥሩ የሚባለው ጣሪያው 16 ነው፣ ማለት ምጣዱ ብቻውን ጫፍ ላይ አድርሶታል፣ እሱም ለአምስት ደቂቃ ሳይሆን ለሁለት ለሶስት ሰአት። በዛው ማከፋፈያ ላይ 2000 ዋት ስቶቭ ስትሰኩ 9 አምፔር ተጨመረ፣ የውሀ ማፍያ ካለ ሌላ 9፣ በድምሩ 34።

ሽቦው ደሞ እራሱ ይግላል። ባለ 1.5 ሽቦ 20 ሜትር ርቀት ሄዶ ምጣድ ቢሸከም፣ ደርሶ መልስ 40 ሜትር መዳብ ነው፣ 120 ዋት ገደማ ሙቀት ግድግዳውና ኮርኒሱ ውስጥ ይቀራል። የድሮ ባለ 100 አምፖል በርቶ ጭድ ውስጥ እንደመቅበር ቁጠሩት፣ ጭቃ ቤት ከሆነ ደሞ ጭዱም እውነተኛ ጭድ ነው። ባለ 4 ሽቦ ሲሆን ይሄው ሙቀት ወደ 47 ዋት ይወርዳል፣ እሱም በርዝመቱ ሙሉ ተበትኖ ነው። ስለዚ ለምጣድ ባለ 4፣ ከ30 ሜትር ካለፈ ባለ 6፣ ብሬከሩ 20።

በነገራችን ላይ ማታ ማታ "መብራቱ ደካማ ስለሆነ ምጣዱን ያቃጥለዋል" ሚሉ አሉ፣ አያቃጥለውም። 180 ቮልት ሲሆን 3500 ዋቱ ምጣድ ወደ 2340 ዋት ይወርዳል፣ እንጀራው አይን አያወጣም፣ ትናደዳላችሁ፣ ሌላ ነገር የለም። ደካማ መብራት ሚገለው ፍሪጁን ነው፣ ሞተር ስላለው።

3. እቃ መግዛት

አራዳም ግዙ ፒያሳ፣ ምላጭ ይዛችሁ ሂዱ። የሽቦውን ጫፍ ላጡና መዳቡን ፋቁት፣ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ መልሱለት። አሉሚኒየም በአንድ አይነት ውፍረት ከመዳብ 1.6 እጥፍ ይቃወማል፣ ብሎን ስር ደሞ ቀስ እያለ ይላላል፣ ሶኬት ሚያቃጥለው መላላቱ ነው። ማግኔት ከያዘው ጭራሽ ውስጡ ብረት ነው።

ሚያስፈልገው፦ ባለ 4 ሽቦ በሶስት ቀለም (ለፌዝ ቡኒ ወይ ቀይ፣ ለኒውትራል (መመለሻው ሽቦ) ሰማያዊ፣ ለኤርዝ አረንጓዴ ቢጫ)፣ ባለ 20 ብሬከር፣ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ (መብራት ወደ መሬት ሲያፈተልክ ሚቆርጥ መሳሪያ)፣ የቦይለር አይነት ሁለቱንም ሽቦ ሚቆርጥ ባለ መብራት ስዊች፣ ኮንዲዩት (ሽቦው ውስጡ ሚያልፍበት ቱቦ)፣ ለምጣዱ ጫፍ ደሞ ሙቀት ሚችል ሽቦ። ደረሰኝ ተቀበሉ። ያለ ደረሰኝ ቅናሽ ያደርግላችኋል፣ ግን የሆነ ነገር ሲፈጠር ዋናውን እቃ ነው የገዛሁት ብላችሁ ምታሳዩት ሌላ ነገር የላችሁም።

4. መብራት ማጥፋት

"መብራት ሄዷል፣ አሁን ቶሎ ልስራው" ሚለው ሀሳብ ነው ሰው ሚገድለው። የሄደ መብራት ደውሎ አይመጣም። እኔ እራሴ ጀማሪ እያለሁ መሰላል ላይ ሆኜ መጥቶብኛል፣ ካቻቢቴዬን ግቢው መሀል ነው ያገኘነው። ዋናውን ብሬከር አጥፉ፣ "ሰው እየሰራ ነው" ሚል ወረቀት ለጥፉበት፣ ግቢው ውስጥ ላሉት ሁሉ ንገሩ፣ ልጆች በተለይ። ከዛ ቴስተሩን መጀመሪያ መብራት እንዳለው በምታውቁት ቦታ ሞክሩት፣ ቀጥሎ ምትሰሩበትን ሽቦ ንኩ፣ መጨረሻ ላይ ተመልሳችሁ ቴስተሩ እንዳልሞተ አረጋግጡ። በአሮጌ ቤት ቀለም አትመኑ፣ ሰማያዊው ፌዝ ሆኖ ሚገኝበት ቤት ሞልቷል።

5. መስመሩ

ከብሬከሩ ሳጥን ተነስቶ እስከ ምጣዱ ስዊች ድረስ ማንንም ሳያስጠጋ ለብቻው ይሂድ፣ መሀል ላይ ቅጥያ አይኑረው። ጭቃ ቤት ከሆነ ግድግዳው ውስጥ ራቁቱን አትቅበሩት፣ ኮንዲዩት ውስጥ ከላይ በላይ ይሂድ፣ ከማዳበሪያ ኮርኒስ በላይ ሲያልፍም ኮንዲዩቱ አይቋረጥ፣ አይጥ ሚበላው እዛ ጋ ነው። ፒያሳ አካባቢ በጣሊያን ጊዜ የተሰሩ ቤቶች ውስጥ ምትኖሩ ከሆነ ድሮ የተቀበረውን ሽቦ አትንኩት፣ አትቀጥሉበትም፣ ልባሱ ሲነካ ሚረግፍ ሽቦ ላይ ምጣድ አይጫንም፣ አዲሱን በውጭ በኩል አምጡት።

ስዊቹ ከምጣዱ ጀርባ አይሁን። ቢያያዝ በእሳቱ ላይ እጃችሁን አሳልፋችሁ ነው ምታጠፉት? በሩ ጋ፣ በትከሻ ልክ። ከውሀ ቧንቧ እኔ ከአንድ ሜትር በታች አላስጠጋም።

6. ኤርዝ

እዚ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፣ ብዙ ሰራተኛም ሚሳሳትበት ነው።

ምጣድ ለምን ይነዝራል? ሸክላው ስር ያለው ሽቦ በጀሶ ነው የተያዘው፣ ሸክላው ሲሰነጠቅ ሊጡ ይሰርጋል፣ እርጥብ ጀሶ ደሞ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ ላሜራው ላይ ይወጣል፣ ከላሜራው ወደ እጃችሁ፣ ከእጃችሁ ወደ መሬት። ኤርዝ ማለት ለዚ ኤሌክትሪክ ከናንተ የተሻለ መንገድ መስራት ነው።

ችግሩ ጎንደር መሬቷ ድንጋይ ነው። የኤርዙን ዘንግ (መሬት ውስጥ ሚመታውን ብረት) 40 ሳንቲ ታስገቡና አለት ላይ ይቆማል፣ ሰራተኛው ትርፉን በመጋዝ ቆርጦ "ገብቷል" ይላል። ሲመታ አጠገቡ ቁሙ። ካልገባ ቦታ ቀይሩ፣ የእቃ ማጠቢያ ውሀ ሚፈስበት ጎን ብዙ ጊዜ ይሻላል፣ ጭራሽ እምቢ ካለ ደሞ ቦይ ቆፍሮ ወፍራም ራቁት መዳብ በቁመቱ መቅበር ነው። ጨው መጨመር አልወድም፣ ክረምት ሲመጣ ታጥቦ ይሄዳል፣ መዳቡንም ይበላዋል። የኤርዙን ልኬትም (በኦም ሚለካ ተቃውሞ ነው፣ ሲያንስ ይሻላል) ነሀሴ ላይ ለክታችሁ አትደሰቱ፣ መሬቱ ውሀ ጠጥቶ ነው፣ ሚያዝያ ላይ ነው እውነቱ ሚታየው።

አሁን ዋናው ነገር። ዘንጉ በጣም ጥሩ ሆኖ 10 ኦም መጣ እንበል። ፌዙ ላሜራውን ሙሉ በሙሉ ቢነካ 220 ለ10፣ 22 አምፔር ይፈሳል። ብሬከሩ ስንት ነው? 20። 22 አምፔር ባለ 20 ብሬከርን ሊያጠፋው ሰአት ሊፈጅበት ይችላል፣ እስከዛ ላሜራው መብራት አለው! ስለዚ በዘንግ ብቻ "ኤርዝ አስገብቻለሁ" ማለት ግማሽ ስራ ነው። አርሲዲው ሚያስፈልገው ለዚ ነው። እሱ 22 አምፔር አይጠብቅም፣ 30 ሚሊ አምፔር ከመንገዱ ወጥቶ ወደ መሬት ሲሄድ ካየ አይን ሳይከደን ይቆርጣል። ድንጋይ መሬት ላይ ዘንጉ 10 ሳይሆን 100 ኦም ቢመጣ እንኳ አርሲዲው ይሰራል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ልግዛ ምትሉ ካላችሁ አርሲዲውን ግዙ፣ ግን ሁለቱንም ግዙ።

አንድ የማልኮራበት ነገር ልናገር። ስጀምር አካባቢ ዘንግ መምታት ሲሰለቸኝ የኤርዙን ጫፍ ከሶኬቱ ኋላ ኒውትራሉ ላይ አስሬ አውቃለሁ። ይሰራል፣ መንዘሩ ይቆማል፣ ሰውየው ያመሰግናል። ግን ኒውትራሉ የሆነ ቦታ፣ ፖሉ ላይ ወይ ግቢው ውስጥ፣ የተበጠሰ ቀን በበራ አምፖልና በፍሪጅ በኩል የሚመለሰው 220 ቮልት መሄጃ አጥቶ ላሜራው ላይ ይቀመጣል። ማለት ምንም ሳይበላሽ ምጣዱ እራሱ ፌዝ ይሆናል። ከዛ ጊዜ የሰራኋቸውን ማስታውሳቸውን ቤቶች ዞሬ በነፃ አስተካክያለሁ፣ ሁሉን አስታውሻለሁ ወይ ግን እንጃ። ሰራተኛችሁ ሶኬቱ ውስጥ ከሰማያዊው ወደ ኤርዟ ብሎን አጭር ሽቦ ሲያሻግር ካያችሁት አስቁሙት።

7. ምጣዱን ማገናኘት

ምጣዱን ገልብጡት። ሁለት ጫፎች አሉ፣ እነሱ ጋ ተራ ፕላስቲክ ሽቦ አይገባም፣ በወሩ ይሰነጠቃል። ሙቀት ሚችለውን አስገቡ፣ በሁለት ዋሸር መሀል፣ በፒንሳ ጠበቅ። የኤርዙ ሽቦ ላሜራው ላይ ለብቻው ባለ ብሎን ይታሰር፣ ቀለሙን በአሸዋ ወረቀት ፋቁለት፣ ቀለም ላይ የታሰረ ኤርዝ ኤርዝ አደለም። ሽቦው ሲወጣ ጠርዙ እንዳይቆርጠው ጎማ ይኑረው፣ ማሰሪያ ይኑረው፣ ምክንያቱም ምጣዱ ለፅዳት ይገፋል።

ሶኬትና ፕለግ መሀል ላይ ባይኖር እመርጣለሁ፣ ከስዊቹ በቀጥታ ይግባ። እትዬ ይሄን ስላቸው "ታዲያ እንዴት ነው ምነቅለው?" አሉኝ፣ ስዊቹን አሳየኋቸው፣ ቀዩ መብራት ሲጠፋ አመኑ።

8. መፈተሽና መያዝ

ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ፎቶ አንሱ፣ የሽቦው ፅሁፍ፣ የብሬከሩ ቁጥር፣ የዘንጉ ማሰሪያ እንዲታይ። ከዛ ሰራተኛው በ500 ቮልት መለኪያ (ልባሱ መብራት አለማሳለፉን ሚለካ) ፌዝና ኒውትራሉን ከኤርዝ ጋር ይለካ፣ ከ1 ሜጋ ኦም መብለጥ አለበት። ምጣዱ ሲጨመር ቁጥሩ ከወረደ እርጥበት ሊሆን ይችላል፣ ባዶውን ትንሽ አግላችሁ ድገሙ፣ አሁንም ከወረደ ሸክላው ተሰንጥቋል፣ ምጣዱ ይቀየር።

አርሲዲው ላይ "ቲ" ሚል ቁልፍ አለ፣ መብራት እያለ ተጫኑት፣ ካልጠፋ አይሰራም። እሱን በየወሩ፣ በወር መጀመሪያ ይሁን እንዳትረሱት። አዲሱ ምጣድ ሲጋገርበት አርሲዲው ደጋግሞ ከጠፋ "አስቸገረን" ብላችሁ በቀጥታ አታስቀጥሉት፣ እየነገራችሁ ያለው ድሮ በኮንጎ ስታልፉት የነበረውን ነገር ነው።

ሌላ፣ እየጋገራችሁ መብራት ከሄደ ስዊቹን አጥፉት፣ አሁኑኑ፣ ሊጡን ከማንሳታችሁ በፊት። ሰው ተስፋ ቆርጦ ተኝቶ ሌሊት 8 ሰአት መብራት ሲመጣ ባዶ ምጣድ፣ ክዳኑ ላይ የተጣለ ጨርቅ፣ ይሄ እኛ ከተማ አዲስ ነገር አደለም።

ሰራተኛው ሲጨርስ በእጅ ፅሁፍም ቢሆን ይፃፍላችሁ፦ ቀን፣ ስሙ፣ የማረጋገጫ ቁጥሩ፣ ሽቦው ስንት፣ ብሬከሩ ስንት፣ ኤርዙ ስንት ኦም፣ ፊርማ። አልፅፍም ካለ የመጨረሻውን ክፍያ ያዙበት፣ እኔንም ያዙብኝ። ወረቀቱን ከደረሰኙ፣ ከፎቶውና ከአከራዩ ፈቃድ ጋር አንድ ላይ አድርጉት፣ ግን ማድቤት ውስጥ አይሁን።

ከሳምንት በኋላ ብሬከሩን አጥፍታችሁ የስዊቹንና የምጣዱን ብሎኖች አንዴ አስጠብቁ፣ በሙቀት ትንሽ ይላላሉና። አዘዞ ለዚሁ ስመለስ ሁለቱ ብሎን ሩብ ዙር ወስደውልኛል። ኮንጎዋ ውጭ ደጃፉ ላይ ነበረች፣ ዝናብ ስለነበር እትዬ ሽንት ቤት ሲሄዱ ነው ሚያደርጓት።